የጎደለው ዝናብ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከሰንዳፋ ወደ መገናኛ፣
ጉልበቴ ላይ ደብተር፣ ጎኔ እንቅልፋም መንገደኛ።
አሥራ ስድስት ዓመት የልማት ሠራተኛ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ፤
ማዳበሪያ ሳድል፣ ችግኝ ስቆጥር ፀሐይ ያጠቆረኝ።
በአርባ ዓመቴ ግን፣ የማውቀውን ደመና
በቁጥር ልፈታው ብዬ፣ ተማሪ ሆንኩና
ይኸው ለገጣፎን በመስኮት አያለሁ፦ አምና ሽምብራ፣ ዘንድሮ ጠጠር፣
ለከርሞ የሽያጭ ቢሮ፣ ባንዲራና አጥር።

አሥራ ዘጠኝ ነን በክፍል፣ የሁላችን ጫማ ጭቃ።
ኩምሳ ከሱባ ደን ይመጣል፣ ሌሊቱን ከእሳት ጋር ነቅቶ፤
ስለ ካርቦን ክምችት ሲነገር ያንቀላፋል፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ።
ልብሱ የተቃጠለ ጥድ ይሸታል። መምህሩ አይቀሰቅሱትም።

የእኔ ጥናት ዝናብ ነበር። የሠላሳ ዓመት መዝገብ፣
ከአንዲት የገጠር ጣቢያ፣ የየቀኑ ጠብ ጠብ።
መስመሩ ወረደ። ቁልቁል፣ እንደ ተበጠሰ ገመድ።
«ግሩም!» አሉ አማካሪዬ፤ «እንዲህ ያለ ነው ጆርናል ላይ የሚወደድ።»
ደስ አለኝ።
እግዜር ይይልኝ፣ ዝናብ ቀነሰ ብዬ ደስ አለኝ።

መዝገቡ ውስጥ ግን ባዶ ሣጥኖች ነበሩ፤
በዘጠና አንድ ሐምሌ፣ አሥራ አንድ ቀን ሳይሞሉ የቀሩ።
«በጎረቤት ጣቢያ አማካይ ሙዪው» ይላል የትምህርቱ ሕግ፤
እኔ ግን ቁጥር ከመፈብረኬ በፊት፣ ሰውዬውን ልፈልግ።

ኦቦ በዳዳ ደጃቸው ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ፤
«ሠላሳውንም ዓመት እኔ ነኝ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ» ይላሉ።
ስለዚያ ሐምሌ ጠየቅኋቸው። ገመዱን አስቀመጡ፤
«ሚስቴን የቀበርኩ ጊዜ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ።
«ዘንቧል። ጉድጓዱ ውኃ ይዞ፣ በባልዲ ነው የቀዳን፤
በዚያን ቀን ሚሊ ሜትሩን ማን ይለካ፣ ማን?»

ከዚያ መለኪያው ጋ ወሰዱኝ። ጣሳው አሁንም ቆሟል፣
አልዛገም፣ አልተዛነፈም። አጠገቡ ግን ግንብ በቅሏል፤
አራት ፎቅ፣ ሰማያዊ መስታወት፣ «የሚከራይ» የሚል ጽሑፍ፣
በምሥራቅ በኩል ተገትሮ፣ እንደ ገደል አፋፍ።
ዝናብ በነፋስ ዘንበል ብሎ ነው ወደዚህ የሚመጣ፤
ለጣሳው የሚደርሰው፣ ከግንቡ አምልጦ የወጣ።
«መቼ ተሠራ?» አልኩ። «ሁለት ሺህ ስድስት» አሉኝ።
መስመሬ ቁልቁል የጀመረበት ዓመት። ጉልበቴ ከዳኝ።

«ታዲያ ዝናቡ አልቀነሰም?»
ሳቁ።
«ጠባዩ ነው እንጂ የጠፋ። ድሮ ሰኔ ሲገባ፣ ደጅ ቆሞ ያስፈቅድ ነበር፣
እንደ አማች። አሁን ሰካራም ነው፤ በር ሰብሮ ይገባል፣
ከዚያ ወር ሙሉ የለም፣ ቢፈለግ ቢታደር።
ስንዴው ሲያብብ ያጣዋል፣ ሲታጨድ ይወርድበታል፤
ድምሩን አንቺ ያዢው። ድምር ማን ዘርቶ ያበቅላል?»

በዚያ ሌሊት ምዕራፍ አራትን ሰረዝኩ።
ከዓመቱ ድምር ወጥቼ፣ ወደ ደረቅ ቀናት ሰንሰለት፣
ክረምቱ ወደሚገባበት ዕለት ዞርኩ።
አንድ ሴሚስተር ዘገየሁ። ክፍያው ከደመወዜ ተቆረጠ።
አማካሪዬ ለሁለት ሳምንት ስልክ አላነሱም።

ጥናቴን ባቀረብኩ ቀን፣ ከፈታኞቹ አንዷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣
«የሐምሌውን ባዶ ለምን ተውሽው?» አሉኝ፣ በጣታቸው ገጹን ይዘው።
ስለ ስሌቱ ያለኝን መልስ ነገርኳቸው፤ በቂ ነበር፣ ተቀበሉ።
ስለ ባልዲው አልተናገርኩም።
ከኋላ ኩምሳ ተቀምጦ ነበር። ያን ቀን አላንቀላፋም።

ጣሳው አሁን ሽምብራ ማሳው መሐል ነው፣ ከግንቡ ርቆ፤
እኔ ጉድጓዱን ቆፈርኩ፣ ኩምሳ ተከለው፣ በክንዱ አጥብቆ።
ዛሬ ጠዋት፣ ልክ በሦስት ሰዓት፣ ኦቦ በዳዳ ደወሉ።
«ስድስት ነጥብ ሁለት» አሉ። ሌላ ምንም አላሉ።